በቀላ ሰማይ ለቡ ደርሶ መልስ

እሑድ ጠዋት ከመካኒሳ ወደ ለቡ የተነሣነው ሽማግሌዎቼ ሠናይትን እንዲለምኑልኝ ነው። በወጉ አግቢው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል እንጂ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ መንገድ አሳይቼ ከአጥሩ ራቅ ብዬ እቀራለሁ ብዬ ተከተልኳቸው።

ገና ስንወጣ ጋሽ በቀለ ጃንጥላቸውን አነሡ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ፣ የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

«ሚያዝያ አይታመንም» አሉ።

«ይተዉት ጋሼ! ትናንት ማታ ሰማዩ ቀልቶ አላዩም? ቻይናዎች ማታ ከቀላ ሺህ ኪሎ ሜትር ሂድ ይላሉ።»

አባባሉን ያስተማረኝ መንገድ ሥራው ላይ አብሮኝ የሚውል ቻይናዊ ፎርማን ነው። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ሳቁ፤ ጃንጥላውም ቤት ቀረ።

ታክሲው አስፋልቱ ሲያልቅ አወረደን። ከዚያ ወዲያ በባሕር ዛፍ መሀል በእግር ነው። እኩሌታውን ሳንሄድ ዶፉን ለቀቀው። ነጫጭ ጋቢዎቻቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣበቁ፤ ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ይዞ ያስቀራል።

«ሺህ ኪሎ ሜትር ነው ያልከኝ?» አሉ ጋሽ በቀለ፤ ወዲያው አዳለጣቸውና ወደቁ። ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸው። ሌሎቹ ለራሳቸውም አልሆኑ። ምን ላድርግ? አዘልኳቸው።

መታየት የሌለብኝ ሰውዬ፣ ሽማግሌዬን አዝዬ የሠናይት አባት ግቢ ዘው አልኩ! ሠናይት በመስኮት አይታ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሽማግሌዎቹ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ውሃ እያንጠባጠቡ ቆሙ።

«ምነው፣ ጃንጥላ የላችሁም?» አሉ አባቷ አቶ ወልዴ። ጋሽ በቀለ የቻይናዎቹን አባባል ነገሯቸው።

አቶ ወልዴ ወደ እኔ ዞሩ። «ጠዋት ከቀላስ ምን ይላሉ?»

«ከቤት አትውጣ ይላሉ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ቀልቶ ነበር።»

አይቼዋለሁ፤ ቀኑ እንዳይተላለፍብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ጋሽ በቀለ አንገታቸውን ደፉ። እሳቸው በእኔ ማፈራቸው ከሁሉ ባሰብኝ። ሹልክ ብዬ ወጥቼ ከአጥሩ ውጪ ጠበቅኳቸው።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ወያላው ጭቃችንን እያየ ወንበሮቹን ጠረገ። ምን ተባላችሁ ብዬ ለመጠየቅ ምን ፊት አለኝ? ከአባባል ደስ ያለኝን ግማሽ ብቻ ይዤ ሽማግሌ ለጭቃ መዳረግ፣ እንዲህ ያለ ቅሌት ቤተሰባችን አያውቅም።

መካኒሳ ጋሽ በቀለን ደግፌ በራቸው አደረስኳቸው። ጃንጥላቸው ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው።

«ዘመድ እናማክርና በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ ብለውናል» አሉኝ።

«እውነት ጋሼ?»

«አዎ። ያን ቀን ግን ሰማዩ ቀላም አልቀላ፣ ልጁ ከቤት እንዳይወጣ ብለዋል።»