ማሽኑ ሲዛወር

ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ሲጠና ሰው አልጋውን ደጅ ያወጣል፤ የእንስሳት ክሊኒካችን ሠራተኞች ደግሞ ኮምፒውተር ያዛውራሉ። ፕሮግራሙን የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። በየክፍሉ ባሉት ኮምፒውተሮች ይከፈታል፣ መረጃው ግን ያለው አንድ ማሽን ላይ ብቻ ነው። ያን ማሽን ከጋለው ቆርቆሮ ሥር አንሥተው ማንጎ ወደሚያጠላበት ክፍል ሲወስዱት የኔትወርክ ቁጥሩ ይለወጣል። ሌሎቹ በድሮው ቁጥር ሲፈልጉት ውለው "ፋይሉ አልተገኘም" ይላሉ።

ያን ጊዜ ስልኬ ይጮኻል። የሚደውሉት የመድኃኒት ክፍሏ እትዬ ናቸው።

"ልጄ፣ ያ ነገር ደግሞ እንቢ አለ። በአላህ ድረስልን!"

"ማሽኑን አነሣችሁት እንዴ እትዬ?"

"ምን እናድርግ፣ ሊቀልጥ ነዋ!"

አጉረመርማለሁ። ግን ሸሚዝ ቀይሬ ነው የምሄደው። ባለቤቴ ልጃችንን ልታርስ አዲስ አበባ እንደሄደች እዚያው ቀርታለች። "ሙቀቱን አልችለውም" ትላለች፤ እዚሁ ተወልዳ! በጥገና ሱቄ ከሰው ጋር የማወራው ስለ ቻርጀር ብቻ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ግን ወንበር ይሳብልኛል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይመጣልኛል፣ እትዬም ስለ ልጅ ልጄ ይጠይቁኛል። ቁጥሩን አስተካክዬ ስጨርስ መነሣቱ ይከብደኛል።

ባለፈው በጋ እንደተለመደው ተጠርቼ ስደርስ አንድ የቀወት ገበሬ የታመመች ላሙን ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሟል። መድኃኒት በፕሮግራሙ ሳይመዘገብ አይወጣም።

"ጋሼ፣ እርስዎን ነው አሉ የምንጠብቀው" አለኝ።

የሚጠብቀኝ ሰው መኖሩ ደስ አለኝ። ወዲያው ላሟን አየሁና አፈርኩ፤ አንገቷን ደፍታ ታቃስታለች።

ቁጥሩን ልቀይር ስቀመጥ አንድ ነገር ታየኝ። ፕሮግራሙ በቁጥር ሳይሆን በማሽኑ ስም እንዲፈልግ ባደርገው፣ የትኛውም ክፍል ቢወስዱት ያገኘዋል። ዳግመኛ ግን ማንም አይጠራኝም። እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ውጭ ላሟ አቃሰተች። በየክፍሉ እየዞርኩ ሁሉም በስሙ እንዲፈልጉት አደረግሁ። ላሟ መርፌዋን ተወጋች፣ ገበሬው መርቆኝ ሄደ።

ዘንድሮም ሙቀቱ ገባ። ስልኬን ከአጠገቤ አልለየውም፤ የሚደውል ግን የለም። ያው ማሽኑን ገና አላነሡት ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳባብል ከረምኩ።

በቀደም እትዬን ገበያ ላይ አገኘኋቸው።

"ማሽኑስ?" አልኩ፣ ሰላምታው ሳያልቅ።

"ካዛወርነው ቆየን እኮ! ወዲያው አገኘው። አላህ ይስጥህ ልጄ፣ አንተንም ከመመላለስ አሳረፍንህ።"

"አረፍኩ፣ እትዬ።"

ዘንቢላቸውን ተቀብዬ እስከ ባጃጅ ልሸኛቸው ተነሣሁ። ባጃጁ የቆመው እዚያው አጠገባችን ነበር።