የእስረኞቹ ልብ ወለድ ቢቸና ሲደርስ

መጽሐፉ የእስረኞችን ኑሮ የሚተርክ፣ ፈረንሳይ አገር ትልቅ ሽልማት ያገኘ ልብ ወለድ ነው። የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ከአዲስ አበባ ያመጣው ሞጣ አብሮኝ ያስተምር የነበረ ባልደረባዬ ነው። የትምህርት ቤቱ መምህራን ተራ በተራ አንብበን ሻይ ቤት ተከራከርንበት። ባልደረባዬ የፈረንሳይ ሃያስያንን አስተያየት ከስልኩ ያነብልናል፤ ገሚሶቹ አሞግሰውታል፣ ገሚሶቹ ስሜት የለውም ብለው ነቅፈውታል። እኛም ለሁለት ተከፈልን። አንዳችንም ታስረን አናውቅም፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ያን ጭቅጭቅ ግን ዛሬም እናፍቀዋለሁ።

እኔ መጽሐፉን የፈለግሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። አባቴ ልጅ ሳለሁ በመሬት ጠብ ተከሰው ቢቸና ታስረው ነበር። ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ መልሳቸው "ሆድ ይፍጀው" ነው። አሁን አርጅተዋል፤ ሳይነግሩኝ እንዳያልፉ እፈራ ነበር። መጽሐፉ አፋቸውን ይከፍትልኝ እንደሆነ ብዬ በጉንደ ወይን በኩል በሚኒባስ እየተንገጫገጭሁ ቢቸና ቤታቸው ይዤው ሄድሁ።

በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ ትልቅ ሽልማት ያገኘ መሆኑን ነግሬ፣ ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁላቸው። ጠባቂዎቹ ለእስረኞቹ ምግብ የሚያድሉበት ቦታ ስደርስ አስቆሙኝ።

"ስንቅ የሚያመላልስ ዘመድ የላቸውም?"

"መንግሥት ነው የሚያበላቸው፣ አባየ።"

"ታዲያ ምኑን አይተው ሸለሙት?"

ሳቅሁ። ከዚያ የቢቸናው እስር ቤት በር ትዝ አለኝ። ምሳ የማመላልሰው እኔ ነበርሁ። ዘበኛው መርዝ እንዳይኖርበት ቋጠሮውን አስፈትቶ "ቅመሺ" ይለኛል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ለአባትሽ ነው፤ ለምልክት ብቻ" ስለምትለኝ ከእንጀራው ጠርዝ ጥፍር የምታህል ቆርሼ ወጡን ነካ አደርጋለሁ። ይርበኝ ነበር። ግን ለአባየ ያተረፍሁላቸው ስለሚመስለኝ ኩራት ይሰማኝ ነበር።

ይህንኑ ነገርኋቸው።

"ቋጠሮውን ስፈታ መጀመሪያ የማየው የቆረስሽውን ነበር" አሉ። "ምነው ዛሬስ ሰፋ አርጋ በቆረሰች እላለሁ። ቤት እህል መሳሳቱን በዚያ ነው የማውቀው። እኩሌታውን እየመለስሁ የሰደድሁልሽ ጠግቤ እንዳይመስልሽ፣ ልጄ።"

መጽሐፉን አጥፌ አለቀስሁ። ያን እንጀራ ወደ ቤት ስመለስ የዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጬ የምጨርሰው እኔ ነበርሁ፤ አባየ ዛሬም ጠገቡ ብዬ ደስ እያለኝ።