በቀለም የተሸፈነው ቀን

ሥራ የጀመርኩበት ቀን ሥራ ሳልሠራ አለፈ። እናቴ ለወጉ ብላ ጠዋት ጭንቅላቴን ቅቤ ቀብታኝ ነበር። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ካለው ቤታችን ተነሥቼ፣ አምሮብኛል ብዬ ወሰን አካባቢ ወዳለው የኦክስጅን መሙያ ወረድኩ። ፎርማኑ ጋሽ በቀለ በሩ ላይ አንዴ አሸተቱኝና እጃቸውን ዘርግተው አገዱኝ።

«ቅቤ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ያምራል። አሁን ቤትሽ ሂጂና ታጠቢ። ነገ ደግሞ አሸትሻለሁ።»

የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ፀጉሬን አሸተው፣ ጥፍሬን አይተው፣ ከዚያ ነው ያስገቡኝ። በከፍተኛ ግፊት ያለ ኦክስጅን ቅባት ካገኘ ለመንደድ ክብሪት አይፈልግም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤ የምቀባው በዓመት ፈቃዴ ብቻ ሆነ።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ባዶውን ሲሊንደር ትቀበላለህ፣ ቫልቩን ታያለህ፣ ከማኒፎልዱ ጋር ታገናኛለህ። ማኒፎልድ የምንለው ብዙ ሲሊንደር በአንድ ጊዜ የሚሞላበትን የቧንቧ መስመር ነው። ከዚያ ቀስ ብለህ ትከፍታለህ፤ ዓይንህ ከግፊት መለኪያው ጌጅ አይነሣም። ጋሽ በቀለ «ቀስ» የምትለዋን ቃል በቀን መቶ ጊዜ ሳይሏት አይውሉም ነበር።

ሁለት ነገር ደግሞ ከእሳቸው በቀር ማንም አያስተምርም ነበር። አንደኛው እጅ ነው። ሲሊንደር ሲሞላ ይሞቃል፤ ከመስመሩ መካከል አንዱ ከቀዘቀዘ ጋዝ እየገባለት አይደለም ማለት ነው። ሁለተኛው ጆሮ ነው። ባዶውን በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርጉት ጥርት ያለ ድምፅ መስጠት አለበት፤ ከደነዘዘ ውስጡ ዝጎ ወይም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። እኔ በእጅም በጆሮም ጎበዝ ወጣሁ። ጋሽ በቀለ ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን ለኔና ለከድር ነው የተዉልን። ከድር አብሮኝ የሞላ፣ አብሮኝ ያረጀ ባልደረባዬ ነው፤ ሳይቀልድ አንድ ሲሊንደር አያነሣም።

እንዲህ ስንኖር አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሰሎሞን ሰበሰቡን። ከእንግዲህ የብቃት ማረጋገጫ፣ እኛ ሲኦሲ የምንለው ወረቀት የሌለው ሰው ማኒፎልዱ አጠገብ አይቆምም አሉ። የዓይን ምርመራ አለ፤ ቀለም የማይለይ ሰው የጋዝ ዓይነት ሊሳሳት ይችላልና። ሥልጠና አለ፣ የጽሑፍ ፈተና አለ፣ በመጨረሻም የተግባር ፈተና አለ።

የፈራሁት ጽሑፉን ነበር። ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ከድር በምሳ ሰዓት እየጠየቀ አስጠናኝ፤ ስሳሳት ከሳህኔ አንድ ጉርሻ ይወስዳል። ከስቼ አለፍኩ። ተግባሩን ግን ጭራሽ አላሰብኩበትም። እኔን ማን በተግባር ሊጥለኝ!

ፈታኙ ልጄ የሚሆን ኢንጂነር ነው። ጠዋት ከደንበኞች ከገቡት ባዶዎች አምስት መርጦ አሰለፈና «እንደ ወትሮዎ ይሥሩ» አለኝ። እኔም እንደ ወትሮዬ ሠራሁ። ዳሰስኩ፣ መታ መታ አደረግኩ፣ ቫልቭ አየሁ፣ አገናኘሁ። አንደኛው የጋሽ ግርማ ነበር። ጋሽ ግርማ እዚያው ወሰን ጋራዥ አላቸው። ሲሊንደራቸውን በየእንቁጣጣሹ አዲስ ጥቁር ቀለም ስለሚቀቡት ከሁሉ ያበራል፤ እኔም በመጡ ቁጥር «እንደርስዎ ንጹሕ አድርጎ የሚይዝ የለም» እላቸው ነበር።

ፈታኙ እሱ ላይ እጁን አሳረፈ። «እትዬ ዘነበች፣ የዚህ ቀን ስንት ይላል?»

«የቱ ቀን?» አልኩ።

ይህን ስል ከድር ከኋላ ዓይኑን ጨፍኖ እንደነበር በኋላ ነገረኝ። ሲሊንደር በተወሰነ ዓመት አንዴ ውኃ ተሞልቶ በግፊት ይፈተሻል፤ የተፈተሸበት ቀን ከቫልቩ ሥር ትከሻው ላይ በብረት ማኅተም ይመታል። ይህንን በጽሑፍ ፈተናው በትክክል መልሻለሁ። ፈታኙ የሽቦ ብሩሽ አንሥቶ ቀለሙን ፋቀ። አንድ ንብርብር፣ ሁለት፣ ሦስት። ከሥሩ የወጣው ቀን ጊዜው ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። እነዚያን ዓመታት ሁሉ የሞላሁት እኔ ነኝ።

ወደቅኩ። ከድር አለፈ። አቶ ሰሎሞን ባዶ ወደምንረከብበት በር መደቡኝና፣ በወሩ በሚደገመው ፈተና ካልተሳካልኝ ቋሚ ቦታዬ እዚያው እንደሚሆን ነገሩኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ሥራዬን እወደው ነበር፤ ያን ቀን ነው ምን ያህል እንደምወደው ያወቅኩት።

በማግስቱ ጋሽ ግርማ ሲሊንደራቸውን ሊወስዱ መጡ።

«አልተሞላም፣ ጋሽ ግርማ።»

«ኦክስጅን አለቀ?»

«አላለቀም። የፍተሻው ጊዜ አልፏል። ለውኃ ሙከራ መላክ አለበት።»

«እንዴ ዘነበች! አንቺው አይደለሽ ስትሞዪው የኖርሽው? በይ በናትሽ ሥራ ቆሞብኛል፤ ለዛሬ ብቻ ከድር ይሙላልኝ።»

ከድር ወረቀቱን ይዟል። በዓይኔ ብጠቅሰው እንቢ አይለኝም ነበር።

«አይሞላም» አልኩ። «እርስዎ የሰው መኪና ሲሠሩ ፍሬኑን ሳያዩ ያስረክባሉ? እኔ ግን ሳላይ ስሰጥዎ ኖሬያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ደግሜ አላጠፋም።»

ጋሽ ግርማ ተቆጡ፣ ሌላ ቦታ አስሞላለሁ አሉ፣ ሲሊንደሩንም ወደ መኪናቸው ማንከባለል ጀመሩ። መንገዱ ላይ ቆምኩባቸው። አቶ ሰሎሞን ጩኸቱን ሰምተው ወጡ፤ ደንበኛ ልታባርሪ ነው ብለው የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የተፋቀውን ትከሻ ጎንበስ ብለው አዩና «ግርማ፣ ከእኛ አንድ የተፈተሸ በውሰት ውሰድ፤ ይሄ ለሙከራ ይሂድ» አሉ። ጋሽ ግርማ እያጉረመረሙ ወሰዱ።

የሙከራው ውጤት በሳምንቱ መጣ። በውኃ ግፊት ሲፈተን ሲሊንደሩ ተለጥጧል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ወደ ልኩ አልተመለሰም። ዳግም እንዳይሞላ አንገቱን ቆርጠው ነው የላኩት። ጋሽ ግርማ መጥተው አዩት።

«ዮናስ እኮ» አሉ፣ «ቀኑን ሙሉ እሱን ተደግፎ ነው የሚበይደው።» ዮናስ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው።

እጄን የተቆረጠው ብረት ላይ አሳረፍኩ። ስንት ጊዜ ሞቆ ስዳስሰው «ጎሽ፣ እየሞላ ነው» ብዬዋለሁ።

ድጋሚ ፈተናው ላይ ያው ኢንጂነር ስድስት አሰለፈ። ብሩሼን ይዤ ከትከሻቸው ጀመርኩ። ሁለቱን ወደ ጎን አወጣሁ፤ አንዱ ጊዜው ያለፈበት፣ አንዱ ቀኑ የማይነበብ። አራቱን ሞላሁ። «ቀኑ ያልተነበበውን ለምን ተዉት? ደህና ሊሆን ይችላል እኮ» አለኝ። «ይችላል፤ ግን አላነበብኩትም» አልኩት። ስሜን ካለፉት ጋር ጻፈና ፈረመ። ከድር ያን ቀን ምሳ ጋበዘኝ፤ የበላብኝን ጉርሻ ሁሉ እንደከፈለ ይቆጠርለት አለ።

አሁን እኔም አዳዲስ ሠራተኞችን አሠለጥናለሁ። እጅንም ጆሮንም አስተምራቸዋለሁ፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። እጅ የሚነግርህ ጋዙ መግባቱን ነው። ብረቱ ግፊቱን መቻሉን ግን እጅም ጆሮም አያረጋግጥልህም። ስለዚህ ቀኑን አንብብ፤ ማንበብ ካልቻልክ አትሙላ።