ማንም ያልጻፋት ፊደል

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በስሟ አይጠሯትም፤ «ሽብልቋ» ነው የሚሏት። ሥራዋ ከቤተ መዘክሩ ምድር ቤት ቁጭ ብላ፣ የጥንት ሰዎች እርጥብ ሸክላ በሸምበቆ ጫፍ እየወጉ የጻፉትን፣ ሽብልቅ ሽብልቅ የሚመስለውን ጽሕፈት ለኮምፒውተር መሣል ነው። እያንዳንዱ ምልክት በየሰዉ ስልክና ኮምፒውተር እንዲታይ የራሱ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ቁጥሩን የሚሰጠው ደግሞ ሩቅ አገር ያለ ኮሚቴ ነው። ወጣትነቷን እዚያ ጨረሰችው። አንገቷ ደረቀ፣ ዓይኗ ፈዘዘ።

ከሣለቻቸው ሁሉ አንዷን ትወዳት ነበር። ምልክቷን ከምትመስላት ከሌላ ምልክት የሚለያት ጎኗ ላይ ያለች ቀጭን መስመር ብቻ ናት። «ይቺማ ራሷን የቻለች ፊደል ናት» እያለች፣ የሸክላውን ጽሕፈት ከሚያነበው ሽማግሌ ባልደረባዋ ጋር ሆና ኮሚቴውን ስትሞግት ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ እሺ አሏቸው። ሽማግሌው ፊደሏ ቁጥር ስታገኝ አይቶ ነው የሞተው።

ባለፈው ክረምት የቤተ መዘክሩን ሸክላ የምታጸዳውና የምትጠግነው ጠጋኟ ቀስ ብላ መጣች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት። ግን አይደንግጡ።»

ሽብልቋ በማጉያ መነጽሩ አየች። ያቺ ፊደል ካለችበት ሸክላ ላይ ጨውና አፈሩ ሲነሣ ቀጭኗ መስመር ስንጥቅ ሆና ተገኘች።

«ስንጥቅ ናት አይደል?»

«ስንጥቅ ናት» አለች ሽብልቋ፣ መነጽሩን እያስቀመጠች።

ጠጋኟ ነገሩን ውጣ ልትተወው ዝግጁ ነበረች። ሽብልቋ ግን ውላ አድራ ለኮሚቴው ስህተቷን ነገረች። መልሳቸው አጭር ነበር፦ አንዴ ቁጥር የተሰጠው ምልክት አይሰረዝም፤ ቢሰረዝ በእሱ የተጻፈው ሁሉ ይበላሻል። ከጎኑ ማስታወሻ እንጨምራለን።

ቤት ስትገባ ጡረተኛው ባሏ ሽንኩርት ይልጣል። ነገረችው።

«እና ማንም ጽፏት የማያውቅ ፊደል ለዘላለም ትኖራለች?»

«ትኖራለች።»

«ልጅ አልሰጠንም ስንል፣ ይኸው አንዷን ወልደሽልናል» አለ ሊያስቃት።

ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አላለፈም። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች።

«እንዲያው ደክሞኛል።»

«አውቃለሁ» አለና ቢላዋውን አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠ።

በማግስቱ አዲስ የመጣ ሸክላ ያለበት ሣጥን ጠረጴዛዋ ላይ ጠበቃት። ሳትከፍተው አንሥታ ለጠጋኟ ወሰደችላት።

«አንቺ መጀመሪያ አጽጂው፤ እኔ እጠብቃለሁ።»

«ጊዜ ይወስዳል እኮ፣ እትዬ።»

«ይውሰድ» አለችና ሻይ ልትጠጣ ወጣች።