በእዳሪ ያደረ መድኃኒት

አክስቴ እትዬ የሻረግ ገብስን በገብስ ላይ የሚዘራ ሰው አይወዱም። ከወገዳ ትንሽ ወጣ ብላ ባለችው ማሳቸው አንድ ዓመት ገብስ፣ አንድ ዓመት ባቄላ ያዘራሉ፤ በሦስተኛው መሬቷን ሳትዘራ በእዳሪ ያሳርፏታል። ጎረቤታቸው ሞላ “ይህን የመሰለ መሬት ጦሙን ያድራል?” ብሎ ቢነቅፋቸው፣ “ያንተን ገብስ አረሙ ለምዶታል፤ አብረው ይበላሉ” ይሉታል። ባላቸው ካረፉ ወዲህ የእኩል አራሽ እየያዙ፣ እኔን የእኅታቸውን ልጅ ትርሲትን አስተምረው ንፋስ መውጫ መድኃኒት ቤት ያስቀመጡኝ በዚያች ማሳ ነው። ያስተማሩትን ሰው ቃል ደግሞ ያምናሉ። መከራው የመጣው ከዚህ ነው።

በ2003 ዓ.ም. ግራ ጎናቸው አብጦ እኔ ዘንድ መጡ። ጎረቤቱ ሁሉ “ጣፊያ ነው፣ ይተኮሱ” ብሎ ብረቱን ሊያግል ምንም አልቀረውም። እኔ ተቆጥቼ አዲስ አበባ ወሰድኋቸው። የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ደግነቱ፣ በቀን አንዴ ከምግብ ጋር የሚዋጥ እንክብል አለው፤ በነጻ ይሰጣል። እኔ ቤት ሆነው ጀመሩት። በዓመቱ እብጠቱ ጠፋ፣ ደማቸውም ተስተካከለ። ዳንሁ ብለው መድኃኒቱን እንዳይተዉት ግን ያሳስበኝ ነበርና፣ ወደ ወገዳ ሲመለሱ መኪናው መስኮት ሥር ቆሜ፣ “አደራ እትዬ፣ በሽታው መድኃኒቱን እንዳይለምደው!” አልኋቸው።

ይኸው ነው ያልሁት። እንዳያቋርጡ ማለቴ ነበር። ለእኔ ግልጽ ነው፤ ተምሬዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ግን አልተማርሁም መሰለኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መኪናው ሄደ።

ከዘጠኝ ወር በኋላ እንደገና አዲስ አበባ፣ በሽታቸውን የሚከታተለው ዶክተር መሐሪ ፊት ተቀምጠናል። ነጭ የደም ሴላቸው ሽቅብ ወጥቷል። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየና በእርሳስ ክብ ሣለ፣ ዙሪያውን ትንንሽ በሮች አደረገበት።

“እናቴ፣ ይህ የታመመው ሴል ነው። ቆዳው ላይ የድግስ አጋፋሪ የሚመስሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ አንዱን ያስገባሉ፣ ሌላውን ያስወጣሉ። አንዳንዱ የካንሰር ሴል አስወጪዎቹን ያበዛቸዋል። ያኔ መድኃኒቱ ገና ሲገባ መልሰው ወደ ውጭ ይጥሉታል። እርስዎ ይውጣሉ፣ ሴሉ ይተፋል። ሌላም መንገድ አለው፤ ይህ ግን አንዱ ነው።”

እትዬ ሥዕሉን አተኩረው አዩት።

“እንዲህ ከሆነ ወደ ሁለተኛው መድኃኒት እንሻገራለን” አለ። “ግን አልደብቅዎትም፤ ከሱ በኋላ እኔ ዘንድ የምሰጥዎት ሌላ የለም። ያለ ምክንያት ላባክነው አልፈልግም። ለዚህ ነው የምጠይቅዎት፤ ያቋረጡበት ጊዜ አለ?”

“የተባልሁትን ነው ያደረግሁ” አሉ እትዬ።

እኔም ኮራሁ። ሐኪሙ ቅጹን ሊያመጣ ወደ ጎረቤት ክፍል ወጣ። ካርዳቸውን ላዘጋጅ ብዬ እቃ የቋጠሩበትን ጨርቅ ፈታሁ። ሦስት ብልቃጥ እንክብል። አንዱም አልተከፈተም።

አንዱን አነሳሁ። “እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?”

“የተረፈው ነው። ለሌላ በሽተኛ ይሁን ብዬ ልመልስ ነበር።”

“እንዴት ይተርፋል?”

“እንዳይለምደው አላልሽኝም?” አሉ በሹክሹክታ። “ሁለት ሳምንት እየዋጥሁ አንዱን ሳምንት በእዳሪ አሳደርሁት። አሁን ሰውየው ሲናገር ነው መሳቴን ያወቅሁ። ዝም በይ። የመድኃኒት ባለሙያ ሆና አሳሳተቻቸው ይልሻል፤ ስምሽ ይጠፋል። ሁለተኛውን በየቀኑ እውጣለሁ።”

የሐኪሙ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ። እትዬ ጨርቁን ከእጄ ነጥቀው ቋጠሩት። ዝም ልበል ብዬ አሰብሁ። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ግን አሰብሁ። መሥሪያ ቤቴን አሰብሁ፣ የክፍል ጓደኞቼን አሰብሁ። ሐኪሙ ተቀመጠ፣ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ስማቸውን ጻፈ። የአባታቸውን ስም ጀመረ።

ጨርቁን ከጉልበታቸው ላይ ጎትቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍሁት። አንደኛው ብልቃጥ ተንከባሎ ሐኪሙ እጅ ዘንድ ቆመ።

“ዶክተር፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኋቸው” አልሁ፤ ሁሉንም ነገርሁት። እትዬ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ሐኪሙ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። “መድኃኒቱ ሲሳሳ ደካማው ሴል ይሞታል፣ አስወጪ ያበዛው ይተርፋል፤ የሚራባውም እሱ ነው” አለና ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። “የድሮውን ሦስት ወር በየቀኑ ይዋጡ። ከዚያ ደሙ ይናገራል።”

ሦስቱን ወር ንፋስ መውጫ እኔ ቤት ከረሙ። ከምሳ በኋላ፣ በጾም ቀን ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ እፊቴ ይውጣሉ። አፋቸውን አስከፍቼ ስመለከት፣ “ወዲያ! እንደ ገበያ በግ ጥርሴን አትይብኝ!” ብለው ይቆጡኛል። እስቃለሁ፤ ጓዳ ገብቼ ግን የቀረውን እንክብል እቆጥራለሁ። ቀን ቀርቶ ሰዓት አልሳትንም።

በቀጠሯችን ቀን ዶክተር መሐሪ ውጤቱን ይዞ ገባ።

“ወርዷል” አለ። ተንፈስ ልል ስል፣ “ግን ግማሽ ላይ ቆሟል። የሚያስወጡት ሴሎች አሉ፤ ሁለተኛውን መጀመር አለብን” አለ።

“ባያቋርጡት ኖሮስ?” አልሁ።

“አላውቅም። ከመጀመሪያውም ነበሩ ይሆናል፤ ባረፈባቸው ሳምንታትም በርትተው ይሆናል። ማንም ሊነግርሽ አይችልም።”

የመጨረሻውን መድኃኒት ተቀብለን ወጣን። ከግቢው በር ሳንደርስ አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። “እኔ ነኝ የገደልሁዎት፣ እትዬ” ብዬ አለቀስሁ።

እትዬ የሻረግ መድኃኒቱን ብብታቸው ውስጥ ከተው፣ ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

“ያን ሁሉ የተማረ ሰው አላውቅም አለ” አሉኝ። “አንቺ ከየት አወቅሽው?”