ትእዛዝ የማይጽፈው አጎቴ

በደርግ ዘመን ናይሮቢ ውስጥ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበርኩ። አስተናጋጁ ደግሞ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነበር። አዲስ አበባ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሠርቷል፤ እንደሱ በሥራው የሚኮራ ሰው አላየሁም። ትእዛዝ አይጽፍም። ስምንት ሰው ሲያዘው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያዳምጥና ወጥ ቤት ገብቶ አንዷን ሳያዛንፍ ይዘረዝርልኛል። ወረቀት የሚይዙ አስተናጋጆች ያሳዝኑት ነበር።

መጠጥ ይወዳል። መጀመሪያ ሥራ ሲያልቅ ይጠጣ ነበር፤ በኋላ ሥራ ሳይጀመርም ሆነ። ሲንገዳገድ ያየው ስለሌለ ሰካራም የሚለው አልነበረም። ለውጡ የመጣው በሌላ በኩል ነው። የነገረኝን ቀልድ እንደ አዲስ ይነግረኛል፤ ሳቄ ካነሰ ይቆጣል። ያ ሰው ድሮ ቁጣ አያውቅም። ትእዛዝም ያምታታ ጀመር።

እኔ ብልጧ ምን አደረግኩ? እንግዳ ሲያዝ በወጥ ቤቱ መስኮት ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ። ካልሰማሁ እጄን የምታጠብ መስዬ እወጣና እንግዶቹን በጎን እጠይቃለሁ። የተሳሳተውን አርሜ ሳህኑን አስይዘዋለሁ። ከሥራ እንዳይባረርብኝ ነው። እሱ አያውቅም፤ እኔም በጉብዝናዬ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ሽንኩርት አለቀና ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ ታምሷል። ከጸሎት የመጡ ጴንጤዎች ክትፎ አዘው፣ አጠገባቸው ደግሞ አንዲት ነጋዴ እትዬ ከእንግዶቻቸው ጋር የጾም በያይነቱ አዘው ኖሯል። እኔ ስለሌለሁ አጎቴ ራሱ ሳህኑን ሞልቶ አገላብጦ አቀረበው። ጴንጤዎቹ ጨዋ ስለሆኑ ሽሮውን ጸልየው ጀምረውታል። እትዬ ግን ጨዋታ ይዘው ሳያዩ ጎርሰዋል። «የንስሐ አባቴን ምን ልበላቸው?» እያሉ ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጡ። የቤቱ ባለቤት አጎቴን ጠርቶ፣ «ወይ ታከም፣ ወይ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አለው።

ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ አስተርጓሚ ሆኜ አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ፣ እዚያ እንደሚሉት ዳክታሪው፣ ሦስት ቃላት በቃሉ እንዲይዝ ሰጠው፤ ማንኪያ፣ ዝናብ፣ በር። ስለ መጠጡ ሲያወራው ቆየና መልሶ ጠየቀው። አጎቴ ማንኪያንና በርን አገኛቸው። የስምንት ሰው ትእዛዝ በጭንቅላቱ ይይዝ የነበረ ሰው ዝናብ ጠፋበት። ሹክ ልለው ፈልጌ ከንፈሬን ነከስኩ።

«ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው፤ አንጎሉ ግን በመጠጥ የተነሳ ቀድሞት እያረጀ ነው በዪው» አለኝ ዳክታሪው። ነገርኩት።

አጎቴ ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲህ ታላቄ ከሆነ አንቱ እለዋለሁ» አለ።

ሳቄ መጥቶ መተርጎም አቃተኝ። ዳክታሪው ቀጠለ፤ በአንድ ጊዜ ማቆም አደጋ ስላለው እሱ እየተከታተለው ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በቀስ ይቀንስ፤ ከተወ የተወሰነው ይመለሳል፣ ሁሉም ግን አይመለስም።

መጠጡን እስኪተው ወራት ፈጀ። መጀመሪያ ቁጣው ለቀቀው፤ አዳዲስ ቀልድም ያመጣ ጀመር። ትእዛዝ ግን እስከ አራት ሰው በቃሉ ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ደብተር ያወጣል። አንድ ቀን ከምሳ በፊት ወጥ ቤት አብሮኝ ሽንኩርት እየላጠ፣ «ያኔ ስሳሳት ማንም ያልነገረኝ ለምንድን ነው?» አለኝ።

«ከኋላህ ሆኜ አርምልህ ነበራ፣ ጋሼ። ዓመት ሙሉ። እንጀራህን እንዳታጣ ብዬ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን በለሰለሰ ድምፅ፣ «እኔ እኮ ትእዛዜ ሁሉ ልክ ሲሆን አይቼ፣ መጠጡ ምንም አላደረገኝም ብዬ ነው የቀጠልኩት» አለ።

ረድቼዋለሁ ብዬ ስኮራበት የኖርኩት ነገር አሳፈረኝ። በዚህ መሀል አምስት እንግዶች ገቡ። ደብተሩን ከኪሱ እያወጣ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስሳሳት እዚያው ሰው ፊት ንገሪኝ» ብሎኝ ወጣ።

በዚያው ምሳ ተሳሳተ። አምስቱም እያዩኝ ነገርኩት።