ሽማግሌ መንገድ ላይ የምታስቀር መኪና

ጁባ፣ ሀይ ጀላባ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ ጀርባ፣ አንድ የኒም ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። በዚህ ላይ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ሲጨመርበት የበድሉ ጋራዥ ሙሉ ነው። ታፔላ የለውም። «ያ ጠያቂው ሐበሻ» ካሉ ግን ማንም ሰው በጣቱ ያሳያል።

ጠያቂ የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ሌላው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወዲያው ሽቦ መጎተት ሲጀምር፣ በድሉ ደንበኛውን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ይጀምራል። መቼ ጠፋች? ከመጥፋቷ በፊት ሬዲዮው ምን አለ? ዳገት ነበር? አጠገብህ ማን ተቀምጦ ነበር? አንድ የአሸዋ ነጋዴ «ሚስቴ እንኳ ይህን ያህል ጠይቃኝ አታውቅም!» ብሎ መኪናውን እየገፋ ሄዷል። ሌላም ልማድ አለው፤ መኪናዋ ዓይኑ እያየ ካልጠፋች ፒንሳ አያነሳም። ዋነኛ መሣሪያዎቹ ሽቦ የተቀጠለላቸው ሁለት ትንንሽ አምፖሎች ናቸው። ኤሌክትሪክ የት ድረስ እንደደረሰና የት እንደቀረ የሚነግሩት እነሱ ናቸው፤ ከሰው ይልቅ እነሱን ያምናል።

ሙያውን የለመደው ሻሸመኔ ነው። ጁባ የገባው የደቡብ ሱዳን ሰላም በተፈረመ በዓመቱ፣ ስድስት ወር ሠርቶ ለመመለስ ነበር። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ለእናቱ በስልክ «ሥራው ይዞኝ ነው» ይላታል። የያዘችው ግን ኛዋል ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ በስደት ያደገች፣ አሁን መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ እሑድ እሑድ በአማርኛው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ መዘምራን መሐል ከኋላ ቆማ የምትዘምር ረጅም ልጅ ናት። ከኋላ የምትቆመው የፊተኞቹን እንዳትከልል ነው። በድሉ ግን ከሁሉም በፊት የሚያየው እሷን ነው።

ሁለቱ ከተስማሙ ቆይተዋል። የቀረው አባቷ አቶ ዱዎፕ ነበሩ። አቶ ዱዎፕ ከጁባ ወጣ ብላ ባለችው ረጃፍ፣ ነጭ ዓባይ ወንዝ ዳር፣ ቲማቲምና ባሚያ የሚያለሙ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ የኖሩበት ዘመን አማርኛቸውን ስለት አውጥቶለታል፤ በነገር ሲወጉ ደም አይታይም። ኛዋልም «በአገራችሁ ወግ ሽማግሌ ይላኩ፣ የእኛን ወግ ደግሞ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብሏል አባዬ» ብላ መልእክት አመጣች።

በድሉም ሦስት ሽማግሌ ላከ። መሪያቸው መኪናም ያላቸው ጋሽ ኦሞድ ነበሩ። እሳቸውም ከስደት የተመለሱ፣ የጉባኤው ሽማግሌ፣ «ጁባ ና ባሪ» በሚባለው ሰፈራቸው ሰው ሁሉ የሚያምናቸው ናቸው። መኪናቸው አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ናት። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከከተማ ወጥታ አቧራው መንገድ ላይ ስትደርስ ድንገት ጭጭ አለች። ሞተሩም፣ ሬዲዮውም፣ የዳሽቦርዱ መብራትም አንድ ላይ ጠፋ። ወርደው ገፉ። ተነሣች። እንደገና ጠፋች። አራት ጊዜ ገፍተው፣ ሁለት ሰዓት አርፍደው፣ ነጭ ሸሚዛቸው ቡና መስሎ ደረሱ።

አቶ ዱዎፕ ውሃ አቀረቡላቸውና ጠየቁ። «ልጁ ሥራው ምንድን ነው አላችሁኝ?»

«የመኪና ኤሌክትሪክ ይጠግናል» አሉ ጋሽ ኦሞድ።

«ይችን መኪና የሚጠግናት ማነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እሱው ነው።»

አቶ ዱዎፕ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው የዛሬ ሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኑ። ሳትገፉ ከደረሳችሁ እንነጋገራለን። ገፍታችሁ ከመጣችሁ ግን ውሃ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ። የራሱን ሽማግሌ ማድረስ ያልቻለ ልጄን የት ያደርሳታል?»

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ኦሞድ መኪናዋን አመጡ። ከትልቅ የቁልፍ እስር ውስጥ የመኪናዋን ብቻ በጥፍራቸው ታግለው አወጡና ሰጡት። «ሌሎቹ የሰው አደራ ናቸው» ብለው እስሩን ይዘው በቦዳ፣ በሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በድሉ ያን ሳምንት ሌላ መኪና አልነካም። የባትሪውን ማሰሪያዎች ፈትቶ ፋቃቸው። ከባትሪው ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ቀየረ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አወጣ፣ መለሰ። ዲናሞውን ለካ። ከዚያ እንድትጠፋለት ለመናት። በጉድጓድ ነዳት፣ በድንጋይ ነዳት፣ የጥርሱ ሙሌት እስኪነቃነቅ ነዳት። አንድም ጊዜ ዓይኗን አላርገበገበችም።

ጎረቤቱ አልአሚን፣ መለዋወጫ ሻጩ፣ በራፉ ላይ ቆሞ አምስት ቀን ሙሉ ሲያየው ከረመ። «ኻላስ፣ ተወው ወንድሜ! መኪናዋ ደህና ናት። የጠሉህ ሽማግሌዎቹ ናቸው።»

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ኦሞድ በሙሉ ልብስ መጡ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስም አብረው ነበሩ፤ የምግብ ቤት ባለቤትና ሁለተኛው ሽማግሌ ናቸው። ሦስተኛው ካለፈው ቅዳሜ ግፊያ ወዲህ «ወገቤን» ብለው ተኝተዋል። ጋሽ ኦሞድ ቁልፋቸውን ተቀብለው ወደ እስሩ መለሱት፣ አስነሡ፣ ነዱ። የጨርቅ ሱቆቹን አልፈው ቦዩን ሲሻገሩ መኪናዋ ጭጭ አለች።

በድሉ አምፖሎቹን አንሥቶ እየሮጠ ደረሰ።

«ከአንተ ጋር መልአክ ናት፣ ከእኔ ጋር ሰይጣን!» አሉ ጋሽ ኦሞድ ላባቸውን እየጠረጉ።

«እንጸልይባት» አሉ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ።

«ይጸልዩ ጋሼ፣ እኔ ግን አብሬያችሁ ልሂድ። ሳትጠፋብኝ አላገኛትም።»

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ዓይናቸውን ገለጡ። «ጠያቂው ልጅ ራሱ ከሽማግሌ ጋር? ሰው ምን ይላል? ሲሸጥ የሚታይ በግ ነህ?»

«ከቤታቸው በፊት እወርዳለሁ።»

«አይሆንም!»

«እንግዲያው ሲገፉ ማን ያግዝዎታል?»

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ የለበሱትን ነጭ ሸሚዝ ዝቅ ብለው አዩት። ከዚያ የኋላውን በር ራሳቸው ከፈቱለት። «ወንበር ላይ ግን አትቀመጥም።»

ስለዚህ በድሉ ለትዳሩ ጉዳይ ወለል ላይ ተቀምጦ ሄደ። ጉልበቱን አጥፎ፣ ራሱን በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሐል አስገብቶ፣ አምፖሎቹን ጭኑ ላይ አድርጎ። አንዱን በቀጥታ ከባትሪው ጋር፣ ሌላውን ቁልፉ ከሚዞርበት ቦታ በሚወጣው ሽቦ ላይ አሰራቸው። ጋሽ ኦሞድ ቁልፉን ደጋግመው ሲያዞሩ መኪናዋ ያለ ግፊያ ተነሣች፤ ሁለቱም በሩ። የጉባኤው ሰው መንገድ ላይ በታየ ቁጥር ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ነጠላቸውን ራሱ ላይ ጣል እያደረጉ «ሰላም ለእናንተ ይሁን!» ይላሉ። በነጠላው ውስጥ ሁለት መብራት ስለሚታይ አንዲት ሴት ቆማ ተከትላ አየቻቸው።

የከተማው ጫፍ ላይ አቧራው ጀመረ። አንድ ጉድጓድ አለፉ። ሁለተኛው ላይ መኪናዋ ጠፋች።

«ይኸው!» አሉ ጋሽ ኦሞድ።

«አትንኩ! ማንም ምንም አይንካ!» አለ በድሉ፤ ድምፁ ሠርግ ቤት የገባ ይመስል ነበር። አንዱ አምፖል እንደበራ ነው። ሁለተኛው ጠፍቷል። ባትሪው ደህና፣ ሽቦው ደህና፤ ኤሌክትሪኩ ቁልፉ ድረስ መጥቶ እዚያው ቀርቷል። ቀና አለ። ከወንበር ላይ ቢሆን አያየውም ነበር፤ ወለል ላይ ግን ፊት ለፊቱ ነው። የጋሽ ኦሞድ የቁልፍ እስር፣ እንደ ሙዝ ዘለላ ተንጠልጥሎ፣ ገና ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

«ጋሼ፣ ቁልፎቹን በእጅዎ ወደ ላይ ደገፍ ያድርጓቸው።»

ደገፉ። ሁለተኛው አምፖል በራ።

«ይልቀቋቸው።»

ለቀቁ። ጠፋ።

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ እስሩን አውጥተው በመዳፋቸው መዘኑት። «ኦሞድ፣ ይሄ እኮ አንድ ኪሎ ሥጋ ነው! የምንድን ነው ሁሉ?»

«የጉባኤው በር፣ የጄኔሬተሩ ቤት፣ የመጠመቂያው፣ የእህቴ ኮንቴይነር...» አሉ ጋሽ ኦሞድ። «ይሄኛው ካርቱም የሄደ ጎረቤት። ይሄ አዲስ አበባ የተከራየሁት ቤት። ይሄን... ይሄን የሰጠኝን ሰው ረስቼዋለሁ፤ አንድ ቀን ይጠይቀኛል።»

በድሉ ሳቁን ዋጠ። ሳምንቱን ሙሉ ያሰቃየችው መኪና ደህና ነበረች፤ ለእሱ የሚሰጡት ቁልፍ ብቻውን ነበር። ለዓመታት በእስሩ ክብደት እየተጎተተ ያለቀው የቁልፉ ማዞሪያ፣ እስሩ በጉድጓድ ላይ ሲዘል ኤሌክትሪኩን ይለቃል። «ጋሼ፣ ሰው በጣም ስላመነዎት ነው የምትጠፋው» አለ።

ጋሽ ኦሞድ ግን ተቆጡ። «አደራ መሬት ላይ አልጥልም! ኪሴም አይችለው፣ ሱሪዬን ያወርደዋል።»

«አንገቴ ላይ አጥልቁት» አሉ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ሰዓታቸውን እያዩ። «ቶሎ በሉ፣ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው!» የመኪናዋን ቁልፍ ብቻ ለይተው ሌላውን በነጠላ ጥለት አሰሩላቸው፤ መኪናዋም በቁልፏ ብቻ ተነሣች።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ጉድጓዱን ሁሉ እንደ ሚዳቋ ዘለለችው። ከአቶ ዱዎፕ ግቢ ትንሽ መለስ ብሎ በድሉ የሚወርድበት ትልቅ ማንጎ አለ። ከማንጎው ሥር ግን አቶ ዱዎፕ ራሳቸው ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። መገፋት አለመገፋቷን በዓይናቸው ሊያዩ ነበር የወጡት።

ጋሽ ኦሞድ ፍሬን ያዙ። አቶ ዱዎፕ ተነሥተው በመስኮቱ ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ በጋሽ ወልደጊዮርጊስ አንገት ላይ ያለውን የብረት ሐብል፣ ቀጥሎ ወለሉ ላይ ነጠላ ተከናንቦ የሚያበራውን ነገር ተመለከቱ። ነጠላውን በሁለት ጣታቸው ገለጡ።

«ሦስተኛው ሽማግሌ ይሄ ነው?»

በድሉ ተነሥቶ ሰላም ማለት ፈለገ፤ እግሩ ግን ደንዝዟል። «አቶ ዱዎፕ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ከወለሉ ላይ። «ወጉን አፍርሻለሁ። እዚህ ካልተቀመጥኩ የምትጠፋበትን አላገኘውም ነበር። አሁን አግኝቼዋለሁ።»

«ገፍታችኋል?»

«አንድም ጊዜ አልገፋንም» አሉ ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ አፍ።

አቶ ዱዎፕ ወንበራቸውን አነሡ። «ሽማግሌዎቹ ይግቡ። አንተ እዚሁ ጠብቅ። ስላንተ ሲወራ አትሰማም፤ ይህች እንኳ ትከበር።»

በድሉ መኪናው ውስጥ ቆየ። ሙቀቱ ድንች ይቀቅላል። አንድ ሰዓት አለፈ። ከግቢው አንዴ የጋሽ ኦሞድ ድምፅ፣ አንዴ ዝምታ ይመጣል፤ ዝምታው ይብሳል። ኛዋል ውሃ ይዛ መጥታ በመስኮቱ አቀበለችው።

«ምን እያሉ ነው?» አለ።

«አባዬ እየጠየቀ ነው። የት ተማረ? ሲናደድ ምን ያደርጋል? ሲርበው ማን ያበስልለታል? ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ላብ በላብ ሆነዋል።» ፈገግ አለች። «ካንተ ይብሳል።»

«ክፉ ነው ደግ ነው፣ ፊታቸው?»

«አላውቅም። ለእኔም አይነበብም።»

ፀሐይ ወንዙ ላይ ዘንበል ስትል አቶ ዱዎፕ ብቻቸውን ወጡ። በሩን ከፈቱለትና እጃቸውን ዘረጉለት።

«የእኛን ወግ ከአጎቶቿ ጋር ተቀምጠህ ትሰማለህ፤ እሱ ረጅም ነው፣ ወለል ላይ ተቀምጠህ አትጨርሰውም» አሉ። «አሁን ውረድና እንብላ። እግርህን ግን መጀመሪያ አፍታታ፤ አማቼ ሲያነክስ ጎረቤት እንዲያይብኝ አልፈልግም።»